«ሲትዝን እስክትሆኑ ዝም በሉ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አሜሪካ በምንኖር ሐበሾች መካከል ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ስሙን አልጻፈም። ለአዲስ መጤዎች የተሰጠ ምክር ነው ይላል። ምክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሲቪል መብት ሕግ የወጣው ለጥቁር አሜሪካውያን ስለሆነ እኛን አይመለከትም፤ ድምፅ መስጠት ጊዜ ማባከን ነው፤ ቤት የግል ንብረት ስለሆነ አከራይ ያሻውን መከልከል ይችላል፤ ሥራ ቦታ የተበደለ ሰው ቢናገር ይባረራል፣ ማስረጃም የለውም፤ መካሰስ ባህላችን አይደለም፤ የግድ ብሶት ያለበት ሰው ደግሞ ዜግነት እስኪያገኝ ጠብቆ ያኔ ይክሰስ። በመጨረሻም «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ ይዘጋል።

ክፉ አስቦ የጻፈው አይመስለኝም። ፍርሃቱም ከመሬት ተነስቶ አልመጣም፤ በተለይ አሁን ባለው ድባብ ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው ቢሰጋ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ግን ይህን ምክር ሰምቶ ዝም ያለ ሰው የሚያጣው ነገር አለ፣ አንዴ ካጣውም አይመለስለትም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

«ሕጉ የእነሱ ነው፣ እኛ እንግዶች ነን።»

ይህችን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። እዚህ አገር የገባንበት በር በማን ትግል እንደተከፈተ ማወቅ አለብን። በ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ ሰው! ያ የኮታ ሥርዓት የፈረሰው በ1965 ነው። የሲቪል መብት ሕጉ ጁላይ 1964 ወጣ። የድምፅ መብት ሕጉ ኦገስት 1965 ተከተለ። የኢሚግሬሽን ማሻሻያው ደግሞ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ወጣ። ሦስቱንም የፈረሙት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ናቸው። ሰውን በዘሩና በትውልድ አገሩ መመዘን አይገባም የሚለው ሐሳብ ኮንግረስ ውስጥ ሊያሸንፍ የቻለው፣ ሰልማ ድልድይ ላይ በፖሊስ ዱላ የተደበደቡ፣ አላባማና ሚሲሲፒ እስር ቤት የታጎሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ዲቪ ሞልተን የመጣነውም፣ በስደተኝነት የገባነውም፣ ዘመድ ወስዶን የመጣነውም በዚያ በር ነው የገባነው።

እነሱም እኛን ባዳ ብለውን አያውቁም። ጣሊያን በ1935 አገራችንን ሲወር የሃርለምና የቺካጎ ጥቁሮች ሰልፍ ወጥተዋል፣ ገንዘብ አዋጥተዋል። ጆን ሮቢንሰን የሚባል የቺካጎ አብራሪ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ለኢትዮጵያ በርሯል። ይህን የሚያውቅ ሰው «የእነሱ ጉዳይ» ለማለት አፉ እንዴት እንደሚታዘዝለት አይገባኝም።

ስሜቱን ትተን ወደ ሕጉ እንምጣ። ከ1868 ጀምሮ ያለው የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ፣ የትኛውም ስቴት በግዛቱ ላለ ለማንኛውም ሰው የሕግን እኩል ጥበቃ እንዳይነፍግ ይከለክላል። ዜጋ መሆን መስፈርቱ አይደለም። ይህ በ1886 ተፈትኗል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከተማው ልብስ አጣቢ ቻይናውያንን ፈቃድ እየከለከለ ለሌላው ይሰጥ ነበር። ክሱ በታሪክ ይክ ዎ በሚል ስም ይታወቃል። ከሳሹ ዜጋ አልነበረም፣ በዚያን ጊዜ ሕግ ዜጋ መሆንም አይፈቀድለትም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ፈረደለት። የ1964ቱን የሲቪል መብት ሕግ የሥራ ክፍል በተመለከተም ፍርድ ቤቱ በ1973 እንዲሁ ብሏል፤ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በትውልድ አገር የሚደረግ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ዜጋ ላልሆነውም ይሠራል።

ከእኛ ወገን ምሳሌ ለሚፈልግ ደግሞ ሙሉጌታ ሥራው አለ። ሙሉጌታ ለትምህርት የመጣ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። ኖቬምበር 1988 ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ውስጥ ጭንቅላታቸውን የተላጩ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ገዳዮቹ በወንጀል ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ቤተሰቡ ግን በዚያ አላበቃም። ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የሚባለው የሲቪል መብት ድርጅትና የአይሁዶች ፀረ ስም ማጥፋት ማኅበር ቆመውለት፣ ወጣቶቹን ሲቀሰቅስ የነበረውን ካሊፎርኒያ የተቀመጠውን ቶም መትዝገርን በፍትሐ ብሔር ከሰሱት። በ1990 የፖርትላንድ የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ከገንዘቡ በእጅ የገባው ጥቂት ነው። የመትዝገር ድርጅት ግን በዚያ ፍርድ ተሰባበረ። የዚህ አገር ፍርድ ቤት በአገሪቱ ከታወቁ ዘረኞች በአንዱ ላይ የፈረደው በአንድ ኢትዮጵያዊ ደም ምክንያት ነው። ታዲያ ሕጉ እኛን አያውቀንም እንዴት ይባላል?

ጸሐፊው እውነት ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው። ዜጋ ብቻ የሚያገኛቸው መብቶች አሉ። የፌዴራል ምርጫ ላይ መምረጥ፣ የዳኞች ጉባኤ አባል መሆን፣ አንዳንድ የመንግሥት ሥራ መያዝ። ይህን መካድ አይቻልም። ስህተቱ እነዚህን ይዞ ሌላውንም ሁሉ የለም ማለቱ ነው።

«ድምፅ መስጠት ጊዜ ማባከን ነው፣ እኛ ጥቂት ነን።»

ጸሐፊው የሚያወራው ስለ ፕሬዚዳንት ምርጫ ብቻ ነው። እስቲ እሱን ትቼ ብዙዎቻችን የምንኖርባትን ቨርጂኒያን ልንካ። በ2017 የስቴቱ ምክር ቤት ምርጫ ላይ በ94ኛው ወረዳ፣ ኒውፖርት ኒውስ፣ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። ዳግም ቆጠራ ተደረገ፣ ፍርድ ቤት ገባበት፣ አልለይ አለ። ጃንዋሪ 2018 ላይ ስማቸው ተጽፎ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተጨመረና በዕጣ ተለየ። በዚያ ዕጣ ሪፐብሊካኑ አሸነፈ፣ ፓርቲውም ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዘ። አንድ ሰው፣ አንዲት የደከማት እናት ከሥራ መልስ መኪናዋን አቁማ ገብታ ቢሆን ኖሮ ዕጣ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ከዚያ በታች ያለው ምርጫ ደግሞ ይበልጥ ይነካናል። የልጆቻችን ትምህርት ቤት በጀት፣ የኪራይ ጣሪያ፣ የፓርኪንግና የታክሲ ደንብ፣ የምግብ ቤት ፈቃድ፣ ይህን ሁሉ የሚወስኑት ከቤታችን ጥቂት ማይል ርቀት ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። የሚመረጡትም ጥቂት ሰው ብቻ በሚወጣበት ምርጫ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታ አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቤት ወረቀት በአማርኛ ይልካል። እነዚህ ዝም ብለን ተቀምጠን የመጡ አይደሉም፤ ብዛታችን ስለታየ፣ የሚሰበሰብ፣ የሚደውል፣ የሚመርጥ ሰው ስለነበረ ነው። በኤፕሪል 2018 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ኤችአር 128 የተባለውን ውሳኔ ሲያሳልፍም ከጠንካራ ደጋፊዎቹ አንዱ ማይክ ኮፍማን ነበሩ። እሳቸው በዚያን ጊዜ የሚወክሉት አውሮራ ኮሎራዶን ነበር፣ አውሮራ ደግሞ የሐበሻ ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ውሳኔውን የወደደውም የጠላውም ይኖራል፣ የመራጭ ስልክ እንደሚሰማ ግን ያሳያል። በጋምቤላ የተወለደው ኦባላ ኦባላ ደግሞ በ2020 የኦስቲን፣ ሚኒሶታ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጧል።

እዚህ ላይ ግሪን ካርድ ላላችሁ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ በማንም ወሬ እንዳትሸወዱ። ዜጋ ሳይሆኑ በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ወንጀል ነው፣ ከአገር ሊያስባርርም ይችላል። መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ስትሄዱ የመራጭነት ምዝገባ ይጠየቃል። ሳታነቡ አትፈርሙ። ለዜግነት ስታመለክቱ ለምርጫ ተመዝግባችሁ ታውቁ እንደሆነ ትጠየቃላችሁ። ልዩ የሆኑ ቦታዎች አሉ፤ ሜሪላንድ ያለችው ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማዋ ምርጫ እንዲመርጥ ትፈቅዳለች፣ ዲሲም በ2024 ለአካባቢ ምርጫ ይህንኑ ጀምራለች። ግን የዲሲውን ኮንግረስ ውስጥ ሊሽሩት የሚታገሉ አሉ፣ ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት የምርጫ ቢሮውን ጠይቁ፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይ በእጃችሁ ካለ ደግሞ ጠበቃችሁን።

ዜግነት ይዘው እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። የድምፅ መብት ሕጉ ማንበብና መጻፍ የማይችል መራጭ የሚረዳውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። ልጅ ይሁን፣ ጎረቤት፣ የማኅበር ጓደኛ፣ የፈለገው ሰው። የማይቻለው አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል፣ ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ብቻ ነው። ስንት እናት «እዚያ ገብቼ ምን ላነብ» ብላ እቤቷ ትቀራለች። እማማን ይዛችኋቸው ግቡ፣ አስመራጩ ቢያንገራግር ሕጉን ንገሩት።

«ቤቱ የራሱ ነው፣ ያሻውን ይከለክላል።»

አይከለክልም። የቤት ሕጉ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1968 የተፈረመ ነው። አከራይ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር፣ በጾታ፣ ልጆች ስላሉህ ወይም አካል ጉዳተኛ ስለሆንክ ሊከለክል አይችልም። «ልጅ ላለው አናከራይም» የሚባለውን ስንቶቻችን ሰምተን እሺ ብለን ወጥተናል? በ1988 የተጨመረ ክልከላ ነው፣ ለአረጋውያን ብቻ ተብለው ከተለዩ ቤቶች በስተቀር።

«ማረጋገጥ አይቻልም» ለሚለውም መልስ አለ። የቤት መብት ድርጅቶች ሁለት ሰው ይልካሉ፣ አንዱን ጥቁር አንዱን ነጭ፣ ተመሳሳይ ገቢ አለን ብለው ተመሳሳይ ቤት ይጠይቃሉ። ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ አጠገብ ያለ አከራይ በዚህ መንገድ ተይዟል፤ ጥቁሯን ክፍት ቤት የለም ሲል ነጩን አለ ብሎታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 እንዲህ ዓይነት ፈታኝ ራሱ መክሰስ እንደሚችል ወስኗል። ስለዚህ ስልክ ላይ «አለ» ተብላችሁ በአካል ስትሄዱ «አሁን ተያዘ» ከተባላችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። በአካባቢያችሁ ያለ የቤት መብት ድርጅት ጋ ደውሉ። ለፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት፣ ለሃድ፣ ለማመልከት 1 ዓመት አላችሁ፣ ክፍያ የለውም።

የራሳችንንም ጉዳይ እዚሁ ላንሳ። «ለሐበሻ ብቻ» የሚል የቤዝመንት ኪራይ ማስታወቂያ በየሱቁ በር ላይ ተለጥፎ አያለሁ። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ትንሽ ቤት ከአብዛኛው የቤት ሕጉ ግዴታ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያው ግን ነጻ አይደለም። እንዲህ ብሎ መለጠፍ ራሱ ሕግ መጣስ ነው። ብሔርና ቋንቋ እየጠየቁ ሥራ መስጠትና መከልከልም እንዲሁ ነው፣ አሠሪው ሐበሻ ስለሆነ ነውሩ አይቀንስም። መብታችንን የምንጠይቀው እኛም ሌላውን ሳንከለክል መሆን አለበት።

«ሥራ ቦታ ብትናገር ትባረራለህ።»

ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ጸሐፊውም ብዙ የጻፈው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ብዙ እላለሁ።

አዎ፣ የሚያባርር አለቃ አለ። ሺፍት የሚቀንስ፣ ከጠዋት ወደ ሌሊት የሚገፋ፣ ድንገት በየቀኑ ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ አለ። ሆኖም አቤቱታ አቀረብክ ብሎ ሠራተኛን መቅጣት ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው። ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽኑ፣ ለኢኢኦሲ፣ ባለፉት ዓመታት ከሌላው ሁሉ በብዛት የቀረበው አቤቱታም ይኸው ቂም በቀል ነው። አስቡት፤ መጀመሪያ ያቀረባችሁት የአድልዎ አቤቱታ ባያሸንፍ እንኳ፣ ከልባችሁ አምናችሁና በቂ ምክንያት ኖሯችሁ ካቀረባችሁት፣ ስለተናገራችሁ መቀጣታችሁ ብቻውን ሊያስከስስ ይችላል። ዝም ያለ ሰው ግን ይህ ጥበቃ የለውም። ሳይናገር የተባረረ ሰው «ስለተናገርኩ ነው» ሊል አይችልም። ጸሐፊው መከላከያ ነው ብሎ የመከረው ዝምታ መከላከያ የሚያሳጣ ነው።

«ወረቀትህን ይነጥቁሃል» የሚለው ደግሞ እውነት አይደለም። የአድልዎ አቤቱታ ማስገባት ግሪን ካርድ የሚያሳጣ ምክንያት አይደለም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ነው፣ ሥራው ሲቋረጥ ቪዛውም ይነካልና። እሱ ከመናገሩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፣ የሚያዋጣው ይህ ነው።

ምን ምን ላይ መናገር ይቻላል? ጥቂት ሁላችንም የምናውቃቸውን ላንሳ። ማተብህን አውልቅ፣ ሂጃብሽን አውልቂ የሚል አለቃ፣ ለገና ጃንዋሪ 7 ወይም ለስቅለት ፈቃድ ስትጠይቁ «የእናንተ በዓል እዚህ የለም» የሚል ማናጀር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023፣ እሑድ አልሠራም ባለ የፔንሲልቫኒያ ፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ላይ፣ አሠሪው የሠራተኛውን ሃይማኖት ላለማስተናገድ ከፍተኛ ወጪ ወይም ጫና እንደሚያመጣበት ማሳየት አለበት ብሏል። ትንሽ ያስቸግረኛል ማለት ከዚያ ወዲህ አይበቃም። አነጋገርም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛችሁ የሐበሻ ቃና ስላለው ብቻ እድገት መከልከል አይቻልም፣ ንግግራችሁ ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ካልሆነ። ምሳ እየበላችሁ በአማርኛ ስታወሩ «እንግሊዝኛ ብቻ!» ከተባላችሁ፣ በኢኢኦሲ ደንብ መሠረት በእረፍት ሰዓት ጭምር ሁልጊዜ የሚሠራ እንዲህ ያለ ትእዛዝ በአድልዎነት የሚጠረጠር ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ወይም ለደኅንነት ሲባል እንግሊዝኛ ማስገደድ ሌላ ነገር ነው፣ ምክንያት አለው።

«መሥሪያ ቤቴ ትንሽ ነው» የሚልም ይኖራል። እውነት ነው፣ የ1964ቱ ሕግ የሚሠራው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ቦታ ነው። ነገር ግን ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማግስት፣ በ1866፣ የወጣ ሌላ ሕግ አለ፤ በዘር ምክንያት ውል መከልከልንና ማፍረስን ያግዳል፣ የሠራተኛ ቁጥርም አይጠይቅም። በ1987 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ ሕግ የዘር ሐረግንና ጎሣን እንደሚጨምር አብራርቷል። ቅጥር ሳይሆኑ በውል የሚሠሩ ሰዎችም ይህን ሕግ መጥቀስ ይችላሉ፤ የኡበር ሾፌሮች ይህን ልብ በሉ። የዲሲው የሰብዓዊ መብት ሕግ ደግሞ አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለውንም አሠሪ ይይዛል።

«ማስረጃ የለህም።»

ማስረጃ ማለት አለቃው «በዘርህ ነው ያባረርኩህ» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ብቻ አይደለም። እንዲህ የሚጽፍ ሞኝ የለም። ተመሳሳይ ጥፋት አጥፍቶ ያልተቀጣው ባልደረባችሁ ማስረጃ ነው። አቤቱታ ባስገባችሁ በሳምንቱ የመጣው ማስጠንቀቂያ ማስረጃ ነው። ለዓመታት «ጎበዝ ሠራተኛ» ሲል የነበረው ግምገማ ድንገት መገልበጡ ማስረጃ ነው። ቴክስት፣ ኢሜይል፣ የሺፍት ሰሌዳው ፎቶ፣ በዚያው ቀን ማታ በአማርኛም ቢሆን በማስታወሻ ደብተር የጻፋችሁት፦ ማን ምን አለ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ማን አጠገባችሁ ነበር። የቃል አቤቱታችሁን በኢሜይል ድገሙት፣ «ትናንት እንደነገርኩዎት» ብላችሁ። የድርጅቱን ምስጢራዊ ፋይል ይዛችሁ ግን አትውጡ፣ ጥፋቱ ወደ እናንተ ይዞራል።

ድምፅ መቅዳት ላይ ተጠንቀቁ። ሜሪላንድ ውስጥ የሚያወሩት ሁሉ ካልፈቀዱ መቅዳት ወንጀል ነው። ዲሲና ቨርጂኒያ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ እናንተ ከሆናችሁ ይፈቀዳል። ወንዙን ሲሻገሩ ሕጉ ይለወጣል።

ጠበቃ ለመያዝ ገንዘብ የለም የሚለውን ጸሐፊው ደጋግሞ ያነሳዋል። ለኢኢኦሲ ማመልከት በነጻ ነው፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ለስቴቱና ለካውንቲው የሰብዓዊ መብት ቢሮም እንዲሁ። ሁለቱ ወገን ከተስማማ ኮሚሽኑ በነጻ ያሸማግላል። ብዙ የሥራ ጠበቆች ደግሞ ጉዳዩ ጠንካራ ከመሰላቸው ክፍያቸውን ከሚገኘው ካሳ ላይ ነው የሚወስዱት። ይህን ስል ሁሉም ያሸንፋል ማለቴ አይደለም። አብዛኛው አቤቱታ ኮሚሽኑ በቂ ምክንያት አላገኘሁም ብሎ የሚዘጋው ነው፣ ጊዜም ይወስዳል፣ ያደክማል። ተስፋ አስቆራጭ የሆነበትን ሰው አውቃለሁ። ኮሚሽኑ ፋይሉን ቢዘጋም ግን ፍርድ ቤት የመሄድ ፈቃድ የሚሰጥ ደብዳቤ ይልካል፣ ከዚያ 90 ቀን አለ። ያንን ደብዳቤ የማስታወቂያ ወረቀት መስሎት የጣለ ሰው መብቱን አብሮ ጥሏል።

«መካሰስ ባህላችን አይደለም።»

እንዴት ተደርጎ! እኛ እኮ የበላ ልበልሃ ልጆች ነን። ገበሬው የአንድ ጥማድ መሬት ድንበር ተነካብኝ ብሎ ከምክትል ወረዳ እስከ ዙፋን ችሎት ስንቁን ይዞ የሚሟገት ሰው ነበር። መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እጁን ይሰበስብ ነበር። አያቶቻችን ተበድለው ዝም ማለትን ጨዋነት ብለው አላስተማሩንም። «ሆድ ይፍጀው» የምንለው ብዙዎቻችን ከሸሸነው ፍርሃት ተምረነው ነው፣ መናገር በሚያሳስርበት ጊዜ ስላደግን ነው። ያ ፍርሃት ይገባኛል፣ እኔም ውስጥ አለ። ባህል ብለን ለልጆቻችን ልናወርሰው ግን አይገባም።

አሁን ወደ መጨረሻው፣ ይህን ምላሽ ወዳስጻፈኝ አረፍተ ነገር ልምጣ።

«ሲትዝን እስክትሆኑ ጠብቁ፣ ያኔ ትከሳላችሁ።»

ይህ ምክር በቀጥታ መብት የሚያሳጣ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ለዜግነት የሚያመለክተው ባብዛኛው ከ5 ዓመት በኋላ ነው፣ አሜሪካዊ ያገባ ደግሞ ከ3። ለኢኢኦሲ ለማመልከት ያለው ጊዜ ግን 180 ቀን ነው። የስቴት ወይም የከተማ ሕግና ቢሮ ባለበት፣ ለምሳሌ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ፣ እስከ 300 ቀን ይዘልቃል። አትላንታና ክላርክስተን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ጆርጂያ ውስጥ በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው 180 ቀን ብቻ ነው። ፖስታ ቤት ወይም ሌላ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ደግሞ በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን የእኩል ዕድል አማካሪ ማነጋገር አለባችሁ። በዲሲው የሰብዓዊ መብት ቢሮ 1 ዓመት ነው። ያ የ1866ቱ ሕግ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣል፣ ሥራ ላይ ለደረሰ በደል ባብዛኛው 4 ዓመት፣ እሱም ቢሆን ግን የሚረዳው በዘር ለተፈጸመ አድልዎ እንጂ በሃይማኖት ወይም በጾታ ለተፈጸመው አይደለም፣ ደግሞም ዜግነት እስኪመጣ አይጠብቅም።

አንዲት የማውቃት እህት ነርሲንግ ሆም ትሠራ ነበር። አዲስ ሱፐርቫይዘር መጥታ ሐበሻና ናይጄሪያዊ የሆኑትን ሁሉ ወደ ሌሊት ሺፍት አዛወረች፣ ሌሎቹን አልነካችም። እህታችን ማን ቀን እንደተሰጠው፣ ማን ሌሊት እንደተሰጠው በደብተር ጽፋ ይዛ ነበር። ሰዎች «ወረቀትሽ ይለቅ፣ ከዚያ ትናገሪያለሽ» አሏት። ጠበቀች። ቃለ መሐላዋን ፈጽማ፣ ባንዲራዋን ይዛ ፎቶ ተነስታ፣ ጠበቃ ጋ ስትሄድ ደብተሯን አይቶ በሰዓቱ ብትመጪ ጥሩ ጉዳይ ነበር አላት። ከዚያ ወዲህ ያን የመከሯት ሰዎች ቀና ብለው ሊያዩዋት ይከብዳቸዋል። እነሱም የመከሯት ወደዋት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ሁለቱም ብዙ ሰው ይጥላሉ። ድርጅቱ ውስጥ ላለው የሠራተኛ አስተዳደር ማመልከት ቀኑን አያቆመውም። እነሱ «እያጣራን ነው» እያሉ ወራት ሲወስዱ የእናንተ 180 ወይም 300 ቀን እየሄደ ነው። ሁለተኛው፣ ስንብት ላይ ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ከተነገራችሁ ዕለት ጀምሮ ነው፣ የመጨረሻ ደመወዝ ከተቀበላችሁበት ወይም ዕቃችሁን ይዛችሁ ከወጣችሁበት ዕለት አይደለም።

ጽሑፉን የጻፉት ወንድሜ ወይም እህቴ፣ ስምዎን ስላልጻፉ በዚህ መንገድ ነው የማገኝዎት። ስለ ድምፅ መስጠት ባንስማማ ችግር የለውም፣ ስለ ባህልም ልንከራከር እንችላለን። ያችን ዜግነት እስክታገኙ ጠብቁ የምትለዋን አረፍተ ነገር ግን እባክዎ ያውጧት፣ በቦታዋ ቀኖቹን ይጻፉ። ጽሑፉን ያስተላለፋችሁትም፣ ለማን እንደላካችሁ ታውቃላችሁና፣ ደውሉላቸውና ውሳኔው መቼ እንደተነገራቸው ጠይቋቸው።